ለቲዩብ አምፕ ባላንስድ መግቢያ፦ የትኛው መንገድ ለማን ይሆናል?

አምፓችሁ ባለቲዩብ ነው። ጀርባው ላይ ያለው መግቢያ አርሲኤ ብቻ ነው። አዲሱ ዳክ (ዲጂታል ፋይሉን ወደ ድምፅ ሲግናል የሚቀይረው ዕቃ) ወይም ሚክሰር ደግሞ ባለሦስት ፒን የኤክስኤልአር መውጫ ይዞ መጥቷል። እንዴት ላገናኛቸው ብላችሁ ስትጠይቁ ምክሩ ይዘንብባችኋል። አንዱ አዳፕተር ግዛና ተገላገል ይላል። ሌላው ያለ ትራንስፎርመር አይታሰብም ይላል። አንድ አይሲ (ሙሉ ሰርኪት የያዘ ቺፕ) ይበቃል የሚልም አለ። የመግቢያውን ቲዩብ አፍርሰህ እንደገና ሥራው የሚልም አይጠፋም።

ሁሉም የሚሉት ነገር መሠረት አለው። ግን እያንዳንዱ የሚፈታው ችግር ለየቅል ነው። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ስሞክር አርሲኤውን ነቅዬ ኤክስኤልአር ሶኬት ገጠምኩ፤ ፒን 3ን ከግራውንድ ጋር በየድኩት። ሥራው ንጹሕ ነበር። «እምምም» የሚለው ድምፅ፣ ሃም የምንለው፣ ግን ንቅንቅ አላለም። ሶኬቱ ተቀይሯል እንጂ መግቢያው ባላንስድ፣ ማለትም የሁለት ሽቦ ልዩነት ብቻ የሚወስድ፣ አልሆነም ነበር። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ሌላ ሰው ሻሲውን (የአምፑን የብረት አካል) ከመብሳቱ በፊት ልዩነቱን እንዲያውቅ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ሃሙ ከየት እንደሚመጣ እወቁ

ይህ ሙከራ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ኬብሉን ከአምፑ መግቢያ ንቀሉ። በቦታው መሐሉና ዙሪያው በአጭር ሽቦ የተያያዘ አርሲኤ ፕላግ ሰኩ። ሃሙ አሁንም ካለ የሚመጣው ከአምፑ ከራሱ ነው፤ ቲዩቦቹን ከሚያሞቁት የሂተር ሽቦዎች፣ ከደከሙ የፊልተር ካፓሲተሮች ወይም ከፓወር ትራንስፎርመሩ። ይህን የትኛውም ባላንስድ መግቢያ አያጠፋላችሁም። ገንዘባችሁን ለጥገናው አውሉት።

ሃሙ ጠፍቶ ኬብሉን መልሳችሁ ስትሰኩ ከመጣ ግን ነገሩ የግራውንድ ሉፕ፣ በሁለቱ ዕቃዎች የመሬት መስመር በኩል የሚዞር ከረንት፣ ሊሆን ይችላል። ምንጩ ላፕቶፕ ከሆነ ቻርጀሩን ንቀሉና ስሙ። ሃሙ አብሮ ከተነቀለ መልሱን አገኛችሁ።

የሚሆነው እንዲህ ነው። ሁለቱ ዕቃዎች በየፓወር ገመዳቸው ከመሬት ጋር ተያይዘዋል። በሁለቱ ሻሲዎች መካከል ትንሽ ቮልቴጅ አይጠፋም። ያ ቮልቴጅ በኬብሉ ሺልድ (ሽቦውን በሚሸፍነው የብረት መረብ) በኩል ከረንት ይነዳል። በአርሲኤ ኬብል ሺልዱ የሲግናሉም መመለሻ ስለሆነ፣ እዚያ ላይ የሚቀረው ቮልቴጅ ከሙዚቃው ጋር ተደምሮ ይገባል።

ባላንስድ መስመር ሲግናሉን በሁለት ሽቦ፣ በኤክስኤልአሩ ፒን 2 እና ፒን 3፣ ያመጣል፤ ፒን 1 የሺልዱ ነው። ተቀባዩ የሁለቱን ልዩነት ብቻ ይወስዳል። በሁለቱም ላይ እኩል ያረፈው ኖይዝ ይጣፋል። ብዙ ሰው ዋናው ነገር ሁለቱ ሽቦዎች ተቃራኒ ሲግናል መያዛቸው ይመስለዋል። ዋናው ነገር ሁለቱ ሽቦዎች ወደ ግራውንድ ያላቸው ኢምፒዳንስ (ሲግናሉን የሚገታው ተቃውሞ) እኩል መሆኑ ነው። ኖይዙ እኩል የሚያርፍባቸው ያኔ ብቻ ነው። ፒን 3ን በሬዚስተር ብቻ ከግራውንድ ጋር ያገናኙ፣ ምንም ሲግናል የማያወጡበት ዕቃዎች አሉ። እነሱም ባላንስድ ናቸው።

አንድ ነገር ከወዲሁ ላስጠንቅቅ። ሃም ለማጥፋት ብላችሁ የፓወር ገመዱን የመሬት ሽቦ በፍጹም አትቁረጡ። ቲዩብ አምፕ ውስጥ 300፣ 400፣ አንዳንዴም 500 ቮልት አለ። ያ ቮልቴጅ ሻሲው ላይ ቢወድቅ የሚያድናችሁ ያ ሽቦ ነው። አምፑን ካጠፋችሁ በኋላም ካፓሲተሮቹ ቻርጅ ይዘው ይቆያሉ። በሬዚስተር አስለቅቁ፣ በመልቲሜትር ለኩ፣ ከዚያ ብቻ እጃችሁን አስገቡ።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው መለኪያ ተቀባዩ የጋራ ኖይዝን ምን ያህል ይጥላል የሚለው ነው። ሲኤምአርአር ይባላል፤ በዴሲቤል ይለካል። ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ በምሳሌ እንየው። በሁለቱ ሻሲዎች መካከል 50 ሚሊቮልት ኖይዝ አለ እንበል። 34 ዴሲቤል የሚጥል መግቢያ 1 ሚሊቮልት ያስገባል። 54 ዴሲቤል የሚጥለው 0.1 ሚሊቮልት ያስገባል። 90 ዴሲቤል የሚጥለው ደግሞ ከ2 ማይክሮቮልት በታች ነው። በ1 ቮልት ሙሉ ኃይሉን ለሚሰጥ አምፕ 1 ሚሊቮልት ከሙሉ ድምፁ 60 ዴሲቤል ብቻ ዝቅ ያለ ነው። ማታ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ በደንብ ይሰማል።

ሁለተኛው ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው። ምንጩ ራሱ ሚዛኑን ሲስት ተቀባዩ ምን ይሆናል? የሁለቱ ሽቦዎች የምንጭ ኢምፒዳንስ በ10 ኦም ቢለያይ፣ እያንዳንዱ የተቀባዩ እግር ደግሞ ወደ ግራውንድ 20 ኪሎ ኦም ቢሆን፣ 90 ዴሲቤል የተባለው ወደ 66 ይወርዳል። ልዩነቱ 1 ኪሎ ኦም ቢሆን ደግሞ 26 ዴሲቤል ብቻ ይቀራል። ከአርሲኤ ምንጭ ወደ ባላንስድ መግቢያ ስትመጡ የሚገጥማችሁ ይህ ዓይነቱ ትልቅ ልዩነት ነው። ስለዚህ ስፔክ ወረቀት ላይ ያለው ቁጥር ብቻውን አያስተማምንም።

ሦስተኛው የሲግናሉ መጠን ነው። ብዙ የቤት ዳኮች በአርሲኤ 2 ቮልት፣ በኤክስኤልአር 4 ቮልት ይሰጣሉ። የስቱዲዮ ዕቃ መደበኛ ሌቭል 1.23 ቮልት ነው፤ ጫፉ ግን ከዚያ ብዙ እጥፍ ይወጣል። ቲዩብ አምፑ በ1 ቮልት አካባቢ የሚጠግብ ከሆነ 4 ቮልት ስታስገቡበት ቮልዩሙ ገና ሲነካ ይጮሃል።

ከዚህ ሌላ አምፑ ውስጥ ያለውን ቦታና ፓወር፣ የሚጨመረው ዕቃ በድምፁ ላይ የሚያመጣውን፣ እና ነገ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ መመለስ መቻሉን አስቡ።

አዳፕተር ኬብል ወይም ሶኬት ብቻ መቀየር

ርካሹ ይህ ነው። ሲግናሉን ከፒን 2 ትወስዳላችሁ። ፒን 3 ምን ይሁን የሚለው ግን ምንጩን አይቶ የሚወሰን ነው፤ ስህተት የሚበዛውም እዚህ ላይ ነው።

የምንጩ መውጫ ትራንስፎርመር ከሆነ ፒን 3 ከግራውንድ ጋር መያያዝ አለበት። ክፍት ከተዋችሁት ድምፁ ይሳሳል፣ ቤዙ ይጠፋል። መውጫው ሁለት ራሳቸውን የቻሉ ኦፕአምፖች (ሲግናል የሚያጎሉ አይሲዎች) ከሆኑ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ፒን 3ን ከግራውንድ ጋር ስታያይዙ አንዱን ኦፕአምፕ ሾርት እያደረጋችሁት ነው። ይግላል፣ ይዛባል፣ የፓወር ሰፕላዩንም ያውካል። እዚያ ላይ ፒን 3ን ክፍት ተዉት። የምንጩን ማኑዋል ሳታዩ አትበይዱ።

ሃም የማጥፋት አቅሙስ? ከአርሲኤ የተሻለ ነገር አትጠብቁ። በሁለት ሽቦና በሺልድ በጥንቃቄ የተሠራ ኬብል ትንሽ ያግዝ ይሆናል። የኖይዝ ችግር ከሌለባችሁ ግን ይህ ይበቃል፤ ከዚህ በላይ ማውጣት አያስፈልግም።

የመግቢያ ትራንስፎርመር

ለአብዛኛው ሰው የምመክረው ይህን ነው። ምክንያቱን ላስረዳ።

ትራንስፎርመሩ ሁለት ጥቅሎች አሉት። በመሐላቸው የሚያልፈው መግነጢስ ነው፤ በሽቦ አይነካኩም። የሁለቱ ዕቃዎች ግራውንድ በሲግናሉ መንገድ መገናኘቱ እዚያ ላይ ያበቃል። ጥሩ የመግቢያ ትራንስፎርመር በጥቅሎቹ መሐል የፋራዳይ ሺልድም (ኖይዝ እንዳይሻገር የሚከላከል ስስ ብረት) አለው። በፓወር መስመሩ ድግግሞሽ፣ በ50 ወይም በ60 ኸርዝ፣ 100 ዴሲቤልን የሚያልፉ አሉ። ትልቁ ጥቅሙ ግን ሌላ ነው። ወደ ግራውንድ ያለው ኢምፒዳንስ በዚያ ድግግሞሽ በጣም ከፍ ያለ ስለሆነ ምንጩ ሚዛኑን ቢስትም ግድ አይሰጠውም። ተራ የአርሲኤ ምንጭ እንኳ በሁለት ሽቦ ባለሺልድ ኬብል ብታመጡለት ሃሙን ይጥለዋል። የኬብሉ አንዱ ሽቦ ከአርሲኤው መሐል ወደ ፒን 2 ይሄዳል። ሌላው ከአርሲኤው ዙሪያ ወደ ፒን 3። ሺልዱ ለብቻው ነው።

ሌቭሉንም ያስተካክልላችኋል። አንድ ለአንድ የሆነው ሲግናሉን እንዳለ ያሳልፋል። ሁለት ለአንድ የሆነው በግማሽ ይቀንሰዋል፤ ለ4 ቮልት ዳክ የሚስማማው እሱ ነው። አራት ለአንድ የሆነው የስቱዲዮውን 1.23 ቮልት ወደ 0.31 ቮልት ያወርዳል፤ ይህ የቤት ዕቃዎች የለመዱት መደበኛ ሌቭል ነው።

የሚጠይቀው ጥንቃቄ አለ። ትራንስፎርመሩ ሠሪው ያዘዘውን ሎድ፣ ማለትም መውጫው ላይ የሚያያዘውን ተቃውሞ፣ ማየት አለበት። 10 ኪሎ ኦም ከተባለ፣ የቮልዩም ፖታችሁ (ቮልዩሙን የሚቀይረው ተዟዟሪ ሬዚስተር) ደግሞ 100 ኪሎ ኦም ከሆነ፣ ከፖቱ ጎን 11 ኪሎ ኦም ሬዚስተር በትይዩ ጨምሩ። ይህ ካልተደረገ ከፍተኛ ድግግሞሽ ባለው ቀጭን ድምፅ ላይ ያልተፈለገ ጉብታ ሊወጣ ይችላል። ከትራንስፎርመሩ ወደ ፖቱ የሚሄደው ሽቦም አጭር ይሁን። ለስልክ መስመር የተሠሩትን ጥቃቅን ርካሽ ትራንስፎርመሮች አትሞክሩ፤ ቤዙን ይበሉታል፣ ድምፁ ሲጨምርም ያዛባሉ።

ሌላው ቦታው ነው። ቲዩብ አምፕ ውስጥ ትልቅ ፓወር ትራንስፎርመር አለ። መግነጢሳዊ ፍሳሹ የእናንተን ትንሽ ትራንስፎርመር ያገኘዋል። ስለዚህ ከመብሳት በፊት በረጅም ሽቦ አንጠልጥላችሁ ሞክሩት። በደንብ በተሸፈነ ሽቦ ይሁን፤ እጃችሁ ከሻሲው ውጪ ይቆይ። በቀስታ አዙሩት። በአንድ አቅጣጫ ሃሙ ያብጣል። ትንሽ ስታዞሩት ይሳሳል። ሩብ ዙር አካባቢ ላይ ጭራሽ ጸጥ የሚልበት ቦታ አለ፤ ጠባብ ነው፣ በጣት ውፍረት ልታልፉት ትችላላችሁ። ያንን ቦታና አቅጣጫ በእርሳስ ምልክት አድርጉ። ሚውሜታል (መግነጢስ የሚከላከል ብረት) ቆርቆሮ ለብሶ የመጣ ከሆነ ሥራው ይቀላል፤ ማዞሩ ግን አሁንም ዋጋ አለው።

ጉዳቱ ዋጋው ነው። ለስቴሪዮ ሁለት ያስፈልጋሉ፤ ጥሩዎቹ ከሌሎቹ አማራጮች ሁሉ በብዙ ይበልጣሉ። ዝቅተኛው ቤዝ ላይ ሲግናሉ ሲያይል ትንሽ ዲስቶርሽን (የድምፅ መዛባት) ያመጣሉ። በጥሩ ትራንስፎርመር በቤት ሌቭል የሚሰማ ነገር አይደለም።

ያው ትራንስፎርመር፣ ከአምፑ ውጪ

ተመሳሳዩን ትራንስፎርመር በትንሽ የብረት ሳጥን አድርጋችሁ ከአምፑ አጠገብ ማስቀመጥ ትችላላችሁ። ተሠርቶም ይሸጣል። በአንድ ወገን ኤክስኤልአር ይገባል፤ በሌላው አጭር አርሲኤ ይወጣል። አምፑ አይከፈትም፣ አይበሳም። ከፓወር ትራንስፎርመሩም ይርቃል። የውጤቱ ልዩነት እዚህ ግባ አይባልም። አርሲኤው አጭር መሆኑን ብቻ አትርሱ።

የመስመር መቀበያ አይሲ

ውስጣቸው በሌዘር የተስተካከሉ ሬዚስተሮች ያሏቸው ለዚሁ የተሠሩ አይሲዎች አሉ። ታት 1240 እና አይኤንኤ134 ሲግናሉን እንዳለ ያሳልፋሉ። ታት 1246 በግማሽ ይቀንሰዋል። ሲኤምአርአራቸው በተለምዶ 90 ዴሲቤል አካባቢ ነው። ዋጋቸው ከትራንስፎርመር ጋር አይወዳደርም፤ ዲስቶርሽናቸውም በጣም ትንሽ ነው።

ይህንኑ በተራ ኦፕአምፕና በአራት ሬዚስተር መሥራትም ይቻላል። ግን ሬዚስተሮቹ ባለ1 በመቶ ከሆኑ በክፉ አጋጣሚ 34 ዴሲቤል ብቻ ታገኛላችሁ። ባለ0.1 በመቶ ከሆኑ 54። ስለዚህ የተዘጋጀውን አይሲ መግዛት ይሻላል።

ድክመቱ ቅድም ያልኩት ነው። ምንጩ ሚዛኑን ሲስት ተራው አይሲ ይዳከማል። ለዚህ ተብሎ የመግቢያ ኢምፒዳንሱ ከፍ እንዲል የተሠራ ታት 1200 የሚባል ተከታታይ አለ፤ ወደ ትራንስፎርመሩ ጠባይ በጣም ይቀርባል። ከአይሲ ወገን ከሆናችሁ እሱን ምረጡ። የሬዲዮ ሞገድ እንዳይገባም ሶኬቱ ላይ ትንንሽ ካፓሲተሮች ያስፈልጋሉ፤ እነሱም እርስ በርስ እኩል መሆን አለባቸው።

ሌላው ፓወሩ ነው። አይሲው በተለምዶ ፕላስና ማይነስ 15 ቮልት ይፈልጋል። ቲዩብ አምፕ ውስጥ ይህ የለም። ከ6.3 ቮልቱ የሂተር መስመር ልሳብ የሚል ብዙ ነው። የሂተሩ ጥቅል መሐሉ ግራውንድ ከሆነ ወይም በዲሲ (በማይለዋወጥ ቮልቴጅ) ከፍ ተደርጎ ከተቀመጠ ነገሩ ይጋጫል፤ አዲስ ሃምም ልታመጡ ትችላላችሁ። የራሱን ትንሽ ትራንስፎርመር ስጡት።

የመግቢያውን ቲዩብ ዲፈረንሻል ማድረግ

ውበቱ አይካድም። ሁለት ትራዮዶች፣ ለምሳሌ ሁለቱንም በአንድ ብርጭቆ የያዘ አንድ 6ኤስኤን7 ቲዩብ፣ ካቶዳቸው (ኤሌክትሮን የሚለቀው ክፍል) ተያይዞ፣ ፒን 2 በአንዱ ግሪድ (ሲግናል በሚገባበት ክፍል)፣ ፒን 3 በሌላው። አይሲም ትራንስፎርመርም የለም።

ሥራው ግን ከዚህ ይበልጣል። ሁለቱ ትራዮዶች እኩል መሆን አለባቸው፤ ሲያረጁም እኩል አያረጁም። ካቶዱ ሥር ተራ ሬዚስተር ከሆነ ኖይዝ የመጣል አቅሙ ደካማ ነው። ቋሚ ከረንት የሚሰጥ ሰርኪት ያስፈልጋል፤ እሱም ብዙ ጊዜ የማይነስ ቮልቴጅ ይፈልጋል።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ደግሞ በፊድባኩ ነው። አምፑ ከመውጫው ወደ መግቢያው ፊድባክ (ስህተቱን ለማረም የሚመለስ ሲግናል) ካለው ሁለተኛው ግሪድ ምናልባት ተይዟል። የሙላርድ 5-20 በተባለው የታወቀ የቲዩብ አምፕ ንድፍ ዓይነት ሰርኪት ላይም ፈተና አለ። ዲፈረንሻል የሚመስለው ኢሲሲ83 ቲዩብ ያለው ከመግቢያው ቲዩብ ከኢኤፍ86ቱ በኋላ ነው። ፊድባኩ የሚገባው ኢኤፍ86ቱ ላይ ነው። የኢሲሲ83ቱ ግሪዶችም ከፍ ባለ ዲሲ ላይ ተቀምጠዋል። ፒን 3ን እዚያ ልስጥ ማለት አይሠራም፤ አደጋም አለው።

ቮልዩሙስ? ለስቴሪዮ አራት ክፍል ያለው ፖት ይፈልጋል። ፒን 2 እና ፒን 3 ላይ ያሉት ሁለቱ ክፍሎች በ1 ዴሲቤል ብቻ ቢለያዩ ሲኤምአርአሩ ወደ 19 ዴሲቤል ይወድቃል። ርካሽ ፖት ላይ ይህ ልዩነት የተለመደ ነው። ትራንስፎርመርና አይሲ ከፖቱ በፊት ስለሚቀመጡ ይህ ችግር የለባቸውም።

ተሠርቶ ያለቀ አምፕን ለመቀየር ይህን አልመክርም። ከዜሮ አምፕ ለሚሠራ ሰው ግን የሚያስደስት መንገድ ነው።

ባጭሩ በሠንጠረዥ

| መንገድ | ሃም የመጣል አቅም | ምንጩ ሚዛኑን ሲስት | ሌቭል | አምፑ ውስጥ የሚፈልገው | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| አዳፕተር ወይም ሶኬት ብቻ | ከአርሲኤ ብዙም አይለይም | አይመለከተውም | እንዳለ | ምንም | በጣም ትንሽ |
| ትራንስፎርመር፣ ውስጥ | እጅግ ከፍተኛ | አይበገርም | በጥቅሉ ምጥጥን ይመረጣል | ቦታ፣ ትክክለኛ ሎድ | ከፍተኛ |
| ትራንስፎርመር፣ ውጪ | እጅግ ከፍተኛ | አይበገርም | በጥቅሉ ምጥጥን ይመረጣል | ምንም | ከፍተኛ |
| ተራ መቀበያ አይሲ | ከፍተኛ | ይዳከማል | እንዳለ ወይም ግማሽ | የራሱ ፓወር | ትንሽ |
| ባለከፍተኛ ኢምፒዳንስ አይሲ | ከፍተኛ | ይቋቋማል | እንዳለ ወይም ግማሽ | የራሱ ፓወር | ከትንሽ እስከ መካከለኛ |
| ዲፈረንሻል ቲዩብ | በአሠራሩ ይወሰናል | ደህና | አምፑን ማስተካከል ይጠይቃል | አዲስ ሰርኪት | መካከለኛ፣ ጉልበቱ ብዙ |

ስለ ፒን 1

አምፑን ከፍታችሁ የምትሠሩ ከሆነ የትኛውንም ብትመርጡ ፒን 1 ከሻሲው ጋር፣ እዚያው ሶኬቱ ሥር፣ በአጭር ሽቦ ይያያዝ። ወደ ውስጥ ወደ ሲግናሉ ግራውንድ ከወሰዳችሁት የሺልዱ ኖይዝ ሰርኪቱ መሐል ይገባል። ኒል መንሲ በ1995 ይህን በኦዲዮ ኢንጂነሪንግ ማኅበር መጽሔት ላይ ጽፎ «የፒን 1 ችግር» የሚለው ስም ጸንቶ ቀረ። ፒን 2 ፖዘቲቭ መሆኑን ማኅበሩ በ1992 መደበኛ አድርጎታል፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ አንዳንድ ዕቃዎች ግን ፒን 3ን ፖዘቲቭ ያደርጋሉ።

ታዲያ የቱን ልምረጥ?

ዳኩ ከአምፑ ጎን ተቀምጧል፣ ኬብሉ አንድ ሜትር ነው፣ ሃምም የለም? አዳፕተር ኬብል ይበቃችኋል። ትርፍ ገንዘባችሁን ለቲዩብ ወይም ለስፒከር አቆዩት።

ኮምፒውተር ስታገናኙ የሚመጣ ሃም ካለ የውጪውን የትራንስፎርመር ሳጥን ግዙ። የቆየና ዋጋ ያለው አምፕ ካላችሁም እንዲሁ፤ የቆየ ሻሲ ላይ የተበሳ ቀዳዳ አይመለስም። ብየዳ የማትችሉ ከሆነም መንገዳችሁ ይኸው ነው፤ 400 ቮልት ያለበት ሻሲ ልምምድ የሚጀመርበት ቦታ አይደለም።

ከሚክሰር 10 ወይም 20 ሜትር ኬብል የምትዘረጉ፣ አምፑም ሁልጊዜ እዚያው የሚሠራ ከሆነ፣ ውስጡ ሲግናል የሚቀንስ ትራንስፎርመር ግጠሙ። በጀት ካነሰና እጃችሁ ብየዳ ከለመደ ባለከፍተኛ ኢምፒዳንሱ አይሲ በሩብ ዋጋ እንኳ ሳይደርስ ተቀራራቢ ሥራ ይሠራል።

ውስጡ ገጥማችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ እንዲህ ፈትሹት። ፒን 2 እና ፒን 3ን አንድ ላይ እሰሩ። በእነሱና በፒን 1 መካከል የ100 ኸርዝ ቶን ስጡ፤ ቮልዩሙን ከዜሮ ጀምሩ። የሚሰማችሁ መግቢያው ያልጣለው ነው። ቀጥሎ በአንዱ እግር ላይ ብቻ 10 ኦም ሬዚስተር ጨምሩና እንደገና ስሙ፤ ከዚያም 1 ኪሎ ኦም። ቶኑ ከፍ ካለ ያ መግቢያ ከአርሲኤ ምንጭ ጋር ሃም ይሰማበታል፤ ካልተለወጠ የትኛውንም ምንጭ መሰካት ትችላላችሁ።